ያልተወለወለው የስፌት መኪና

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ወልዋዩ» ነው። አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ይሸጣል፤ ብረት ድስትም ይሁን ብስክሌት፣ የገባለትን ሁሉ በዚያው ቀን ፈትጎ አዲስ ካላስመሰለ እንቅልፍ አይወስደውም። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ያወጣው ደንብ ሆን ተብሎ በእሱ ላይ የመጣ መሰለው። የተገዛ ዕቃ ሁሉ፣ የሻጩ መታወቂያ ኮፒ ተይዞ፣ ሳይታጠብና ሳይቀባ ሁለት ሳምንት መንገደኛ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ ይላል።

«ሱቄን ቆሻሻ መጣያ አደረጉት» እያለ ለሚስቱ ያማርራል።

«የሌባ ሱቅ ከሚሉን ይሻላል» ትለዋለች።

እውነቷን ነው። የሰረቀ ሁሉ ወደ እነሱ ይሮጣል እየተባለ ይታማሉ። አውቆ የሌባ ዕቃ ገዝቶ የማያውቀውን ሰውዬ እንደዚህ ሐሜት አንጀቱን የሚያሳርረው ነገር የለም።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ የስፌት መኪና አመጣለት። የሟች እናቴ ነው ብሎ ማለ፤ መታወቂያውንም ሰጠ። መኪናው በዘይትና በብናኝ ጠቁሯል፤ መዘውሩ ላይ አበባማ ብጣሽ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ወልዋዩ በር ላይ አስቀመጠው፤ ግን እጁን በላው። ጥቂት ቀን እንደቆየ አላስቻለውም። ጨርቁን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ሚስቱ መወልወያውን ከእጁ መነጨቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱቁን ልታሳሽግብን ነው?»

በዚህ መሀል አንዲት ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። መኪናዋ ከተሰረቀ ወዲህ ሱቋን ዘግታ የሰው ልብስ ስታጥብ ነው የከረመችው፤ ደንቡን ስትሰማ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመረች። ጨርቁን ነካ አደረገችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ነው። መዘውሩ እጄን ሲልጠኝ ከልጄ ቀሚስ ቀድጄ የጠመጠምኩት ነው።»

ሮጣ ቀሚሱን አመጣች፤ አበባው ከአበባው ገጠመ። ፖሊስ ተጠርቶ የሻጩን መታወቂያ ወሰደ፤ ወልዋዩም መኪናውን ለልብስ ሰፊዋ ስጥ ተባለ።

«አምና ካውያዬ ሲጠፋም እዚህ መጥቼ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ የሚያብለጨልጭ አየሁ። የኔ ግን እጀታው ተቃጥሎ የጠቆረ ስለነበር፣ አይደለም ብዬ ሄድኩ።»

ወልዋዩ ክው አለ። ያንን እጀታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለም የቀባው ራሱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የኔ እጅ ነው የደበቀብሽ፣ ልጄ» አላት።

መዘውሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ዳበስ አደረገችው።

«ዛሬ ግን አልደበቀብኝም» አለች።

ወልዋዩ መኪናውን ትከሻው ላይ አውጥቶ በመንገዱ መሀል ወደ ሱቋ ተራመደ። ዘይቱ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ሚስቱ መወልወያውን ይዛ ተከተለችው።

«ቆይ እንጂ፣ ሸሚዝህን ልጥረግልህ።»

«ተይው» አላት፣ «እንዳለ ይታይ።»