ዳማ እሺ ያለ ዕለት

ባሌ ሙሐመድሰዒድ «ማስታንግ ገዛሁ» ብሎ ሲደውልልኝ መኪናው መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለካ ማስታንግ የሚባል የዱር ፈረስም ኖሯል! ከዚህ አገር ምዕራብ በረሃ ተይዞ የመጣ፣ ሰው ጀርባው ላይ ወጥቶበት የማያውቅ ዳማ ፈረስ። ከጀርመንታውን ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ጋጣ ተከራየለትና ስሙንም ዳማ አለው። ስም ለማውጣት እንኳ አልደከመም።

ወሎ እያሉ አባቱ ፈረስ ይገሩ ነበር። እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ከፍቶ የሚገራው መኪና ነው፤ አልፈታ ያለ ብሎን በመዶሻ ካልመታ ደስ አይለውም። ቤት ውስጥም ያው ነው። የሚቀበለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሺ። «ለምን» ካልነው «እሺ በይ!» ይላል። ከተጋባን ጀምሮ አንጀቴ እያረረ እሺ ስለው ኖሬያለሁ።

እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወዳጆቹ «ለዒድ ስጋልብ ታዩኛላችሁ» ብሎ ፎክሮ ነበር። ፈረሱ ግን ገና ሲወጣበት አፈር አስጋጠው። ከዚያ ወዲያ ውሃ ይከለክለው ጀመር። አንገቱን አሳጥሮ ከግንድ ጋር አስሮ ይገርፈዋል። አልሆን ሲለው ለልጃችን ለኢፋት እንዲህ አላት፦ «በይ አንቺ ሞክሪው። እስከ ዒድ ካልተገራ ካናዳ ወስዶ ለሥጋ ለሚሸጠው ሰውዬ እሰጠዋለሁ።»

ኢፋት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ያንን ፈረስ እንደ ነፍሷ ነበር የምትወደው፤ ከኮሌጅ ስትወጣ በቀጥታ እርሻው ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። መጀመሪያ ክንዷን፣ ቀጥሎ ደረቷን፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች። ዳማ ጆሮውን አጥፎ ሲጨነቅ «እሺ» ትለውና ወዲያው ትወርድለታለች። ገመድ ሳትይዝ ወደ ውሃው ስትሄድ ይከተላታል።

«ምነው እሺ አልሽው?» አልኳት።

«ማም፣ እኛ ቤት ሁላችንም እሺ የምንለው ለዳድ ነው። ፎር ዋንስ፣ ለአንዴ እንኳ፣ አንድ ሰው ለፈረሱም እሺ ይበለው።»

እየቆየ ይዟት መዞር ጀመረ። «እሺ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሷም ትወርዳለች። አንድም ቀን አላታለለችውም።

የዒድ ዕለት ከሶላት በኋላ የአሌክሳንድሪያ ሰዎች መጡ። ሙሐመድሰዒድ አለንጋውን ይዞ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!» አለና ወጣ። ዳማ ቆመለት። ተራመደለትም። ኢፋት እጄን ጨምቃ ይዛ ታያለች። ፈረሱ ሊተርፍ ነው ብዬ አልሐምዱሊላህ ልል ነበር።

ለባሌ ግን መራመድ አልበቃውም፤ ሰው ፊት መጋለብ አማረው። «እሺ በል!» ብሎ አለንጋውን አሳረፈበት። ዳማ ቀጥ አለ። ቃሉን ሰምቷላ! ቀሪው የሰውዬው ፋንታ ነው።

«እሺ በል አልኩህ! እሺ በል!»

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ ቃሉን አትበለው! ትወርዳለህ ማለት ነው!» ብላ ኢፋት ጮኸች።

አልወረደም። እየደጋገመ ሲገርፈው ፈረሱ ራሱ አወረደው። የባሌ ዳሌ ቋ ሲል ሰማሁ። ሳቄ አመለጠኝ፤ አልጸጸተኝምም።

ከሆስፒታል በክራንች እንደወጣ ዛቻውን ፈጸመ። የካናዳው ሰውዬ ተሳቢውን ይዞ እርሻው መጣ። ባሌም እያየን እንድንማር እኔንና ኢፋትን ይዞ ሄደ፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ዳማ ተሳቢው ውስጥ አልገባም አለ። ጎተቱት፣ ገረፉት። ከአፉ ደም ፈሰሰ።

«አንቺ አስገቢው» አላት ልጁን።

«ኖ። ዳድ፣ እለምንሃለሁ።»

«እንግዲያው እስኪገባ ይደበደባል።»

ሰውዬው የኤሌክትሪክ ዱላውን አወጣ። ኢፋት ይህን ስታይ ገመዱን ተቀበለች። ግንባሯን አንገቱ ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ገመዱን ጥላ፣ ቀድማው ወደ ተሳቢው ገባችና በቀስታ «እሺ» አለችው። በእሱ ቋንቋ አበቃ፣ ማንም አይነካህም ማለት ነበር። አመናት። ተከትሏት ገባ።

እሷ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ኢፋት መሬት ላይ ተቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያንን ቃል መልሳ ልትውጠው የፈለገች ይመስል።

ባሌ ፈገግ አለ። «አየሽ ሀጂራ፣ በመጨረሻ እሺ አለ! በይ መኪናውን አስነሺ፣ እንሂድ።»

ልጄን ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋትና እኔም ገብቼ በሮቹን ቆለፍኩ። እሱ እያነከሰ መጥቶ መስኮቱን በክራንቹ መታ።

«ምን ሆነሻል? ክፈቺ! እሺ በይ እንጂ!»

መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አደረግሁለት።

«ፈረሱ ሄዷል» አልኩት። «ሜዳው ግን ይኸውልህ።»

ብዬው መኪናውን ነዳሁ።