መስሕ የሚለው ቁልፍ

ሸዋንግዛው «አሥር ደቂቃ ነው» ካላት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ዘሐራ ኾበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ካለው ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በሳምንት አንዲት የዕረፍት ቀኗ ስታልቅ እያየች አንጀቷ አርሯል። እሱ ዘንድ ሂጂ፣ ጎበዝ ነው ያሏትን ሰዎች በሆዷ እየረገመች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ኑርዲን በየመን በኩል ዐረብ አገር ገብቶ፣ ደማም ከተማ መኪና ሲያጥብ ዓመት ሳይሞላው መኪና ገጭቶ ገደለው። ከሱ የቀረችው አንዲት የጣት ቁመት የምታክል የሙዚቃ ማጫወቻ ናት። ከጓደኞቹ በለቃቀመው ዘፈን መሀል ራሱ ያዜመው አንድ መንዙማ ተቀድቶባታል። ማጫወቻዋ መሥራት ካቆመች ቆየች፤ ዘሐራም ነገ አሠራታለሁ ስትል ዓመታት ነጎዱ። አሁን ግን በሆድ ትቷት የመጣው ልጁ ሃፊዛ ደሴ ላይ ኒካሕዋ ሊታሰር አራት ቀን ቀርቶታል። የአባቷን ድምፅ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ዘሐራ ደግሞ እልክልሻለሁ ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች።

ሸዋንግዛው የሆስፒታል ማሽን ጠጋኝ ነው። ኮንትራቱ አፍ ያስከፍታል፤ ዐረብኛ ማንበብ ግን አይችልም። ከኾበር ገበያ የገዛው አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለመናው ዐረብኛ ነው፤ የጠፋ ዘፈን መልሶ ያወጣል የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ። ስለዚህ ማጫወቻዋ ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ፣ መድረሳ ቁርኣን የቀራችው ዘሐራ ታነባለች፣ እሱ ይጫናል።

በመጨረሻ ሁለት ቁልፎች ቀሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም «መስሕ» ነው የሚሉት። እሱ ደስ አለው። ሆስፒታል ውስጥ መስሕ ማለት ማሽኑ የሰው ገላ ሲፈትሽ ነው፤ ዘፈኑን ሊፈልግልን ነው አላት። ዘሐራ እጁን ያዘችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ማዳሟ «ኢምሰሒ» ባለቻት ቁጥር ጠረጴዛ ስትወለውል፣ መስታወት ስትወለውል ኖራለች። መጥረግ ማለት ነው፣ ተው አለችው።

«እቴ ዘሐራ፣ እሱ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው» ብሎ የላይኛውን ተጫነው። ኮምፒዩተሩ ሌላ ጥያቄ ሲያወጣም፣ ሳያስነብባት እሱንም ተጫነው።

ተጠረገ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዘፈን የሚለው ቁጥር ዜሮ ሆኖ ቁጭ አለ።

የተማረ ይግደለኝ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ይኸው ገደላት። እሱ ላብ አጥምቆት፣ አንድ ቃል ለሁለት ሥራ ማዋል ምን የሚሉት ነው እያለ ቋንቋውን ይወቅሳል። የታችኛውን ለመጫን ግን ጣቱ እንቢ አለው፤ ሌላ ሙሽኪላ፣ ሌላ ችግር ቢመጣስ ብሎ እጁን ሰበሰበ።

«አሁን ደሞ ምን የሚጠረግ ቀረና ነው?» አለችውና ገፍታው ራሷ ተጫነችው።

የታችኛው መስሕ የእውነት ፍለጋ ነበር። የተጠረገውን ሁሉ ለቃቅሞ መለሰው፤ ስሙን አጥፍቶ በቁጥር ብቻ። እንግዲህ አንድ በአንድ እየከፈቱ መስማት ነው። የሠርግ ዘፈን፣ የፍቅር ዘፈን፣ ደግሞ የሠርግ ዘፈን። ሸዋንግዛው ሻይ እንጠጣ ቢላት ዐይኗን አፍጥጣ አስቀመጠችው።

ሁለት መቶ ሰባተኛው ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና መንዙማውን ጀመረ። ዘሐራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እስኪያልቅ ሰሙና ለሃፊዛ ላኩላት።

ለቅሶ ወይም ዱዓ ነበር የጠበቀችው። የሃፊዛ የድምፅ መልእክት ግን አጭር ነበር።

«አክስቴ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ይሄ ልጅ ነው። እኩያዬ ነው እኮ።»

ዘሐራ በጣቷ ቆጠረች። ኑርዲን ሲሞት ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። በሐሳቧ ግን አብሯት ሲያረጅ ኖሯል።