ሁለት ስንዝር ወደ ኋላ

አባትየው ነገሩን የተናገሩት ምሳ ላይ ነው። መኪናዋን ለሚጡ ልሰጣት ነው አሉ፣ ውሃ አቀብይኝ እንደሚሉት ሁሉ ቀለል አድርገው። ታላቂቱ ልጃቸው አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠችና «ጥሩ ነው» አለች። ሌላ ቃል ቢወጣት ኖሮ እሳት ይሆን ነበር።

መኪናዋ አባትየው ከጭነት መኪና ሹፌርነት ጡረታ ሲወጡ የገዟት ያረጀች ነጭ የቤት መኪና ናት። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ዘይቷን የምትቀይረው፣ ባትሪዋ እንዳይሞት በየሳምንቱ የምታስነሳት፣ አቧራዋን የምትጠርገው ታላቂቱ ነበረች። ድፍን አስራ አንድ ዓመት። ሚጡ ደግሞ በሌላ ከተማ የምትኖር፣ መንዳት የማትችል፣ በዓመት አንዴ ብቅ የምትል ታናሽ እህቷ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ሁለት ልጅ ወልዳም፣ ለአባቷ አሁንም ሚጡ ናት። አባቷን አንተ ትላቸዋለች፤ ደስ ይላቸዋል። ታላቂቱ አንቱ ነው የምትላቸው። እሷን በቤት ውስጥ በቁልምጫ የጠራት የለም፤ በምትሠራበት የመኪና ማጓጓዣ ግቢ ግን «እቴ ሰንሰለት» ይሏታል፣ እሷ ያሰረችው መኪና ተጎታች ላይ ንቅንቅ ብሎ ስለማያውቅ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። ልጆች ሳሉ አባትየው ትልቁን መኪና ወደ ግቢ ሲያስገቡ ሚጡ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ መሪውን ትይዝ ነበር። ታላቂቱ ውጭ፣ አቧራው ውስጥ ቆማ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ በቃ!» ትላለች። ሙያውን የተማረችው እንዲህ ነው፤ ቅናቱንም እዚያው።

መኪናዋ ረጅም መንገድ ስለማትችል በተጎታች ትሂድ ተባለ። ማን ይጫናት፣ ማን ያድርሳት ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም እሷ እንደምታደርገው አውቆ ጨርሷል። ቅዳሜ ጠዋት፣ በእረፍት ቀኗ፣ ከምትሠራበት ግቢ ፒክአፕና ተጎታች ለምና አመጣች። አባትየው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ደጅ ቆመው ጠበቋት። ለእሷ ብለው እንዲህ ለብሰው አያውቁም።

ተጎታቹን ከፒክአፑ ጋር ቆለፈች፤ የፒክአፑን ጎማዎች በታኮ አስደገፈች፤ መወጣጫዎቹን ዘረጋችና መኪናዋን አስነስታ ቀስ እያለች ወጣች። አባትየው በጎን ሆነው በእጃቸው ይመሯታል። ጥቂት ሲቀራት እጃቸውን አነሱ።

«በቃ፣ ቁሚ። ፊቷን እንዳትጭሪብኝ፣ የሚጡ ናት።»

ቆመች። ቦታው ልክ እንዳልሆነ አውቃለች። ተጎታች ላይ ክብደቱ ከጎማዎቹ ወደ ፊት ማመዘን አለበት፤ ወደ ኋላ ከከበደ መንገድ ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምታስተምረው እሷ ናት። ሁለት ስንዝር ይቀራታል። ግን «የሚጡ ናት» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ እየጮኸባት፣ እሳቸው ካሉበት ይሁን ብላ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ወረደች።

ማሰሩን ግን እንደ ወጉ አሰረችው። ማርሽ አስገብታ ትታለች፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዘች፤ ከአራቱም ማዕዘን ቀበቶ ወጥራ፣ የኋላዎቹን አመሳቅላ፣ በማጥበቂያው እስኪጨርስ ሳበች። ትርፉን ጠቅልላ ቋጠረች። በማሰሩ እንከን አይወጣላትም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አባትየው ስለ ሚጡ አወሩ። ልጆቿን በዝናብ በእግሯ ትምህርት ቤት እንደምታደርስ፣ ብርድ እንደማትችል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ እንደሆነ። ታላቂቱ «እ» እያለች ነዳች። ስለ እሷ ወገብ የጠየቀ የለም።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መሪው እጇ ላይ ላላ። በስፖኪዮ ስታይ ተጎታቹ ወደ ግራ ወጣ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ከዚያ ከበፊቱ አብልጦ ወደ ግራ ወጣ። ፒክአፑን ከኋላ ይዞ ያላጋው ጀመር። ከፊት አውቶቡስ እየመጣ ነው። እግሯ ፍሬን ሊረግጥ ቃጣው፤ ሙያዋ ከለከላት። ነዳጁን ለቀቀች፣ መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ተጎታቹ ሁለቴ ተወዛውዞ ቀስ በቀስ ረጋ። ሰፊ ቦታ ስታገኝ ዳር ይዛ ቆመች።

አባትየው ወርደው ዙሪያውን ሄዱ። በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው ያዩት፤ ከተጎታቹ ጠርዝ እስከ መኪናዋ አፍንጫ በስንዝር ለኩ።

«ወደ ኋላ ነው የቆመችው» አሉ።

«አዎ።»

«አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

ማጥበቂያውን ልትፈታ ጎንበስ አለችና ተመልሳ ቀና አለች።

«ለምንድን ነው ለእሷ የሰጧት? መንዳት እንኳ አትችልም። አስራ አንድ ዓመት እኔ...»

«መኪና ካላት ትመጣለች ብዬ ነው» አሉ አባትየው፣ እንዳፈረ ሰው ወደ መሬት እያዩ። «አውቶቡሱ ነው የሚያስቸግረኝ ትላለች። ናፈቀችኝ።»

«እኔስ? በየቀኑ የምመጣው?»

«አንቺማ አለሽ።»

ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየላትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ መዳቡ እሷ መሆኗን ግን እንዲህ ጥርት አድርጎ የነገራት አልነበረም። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። መኪናዋን ሁለት ስንዝር ወደ ፊት አስጠጋች፤ አባትየው በዚህ ጊዜ አልመሯትም፣ ኮታቸው አቧራ እየጠጣ ታኮ አቀበሏት። እንደ አዲስ አሰረች። ይቅርታ ያለ የለም፣ ከሁለቱም ወገን። ጥቂት ከነዳች በኋላ እንደገና ቆማ ቀበቶዎቹን ነካካች፤ አንዱ ላላ ብሎ አገኘችውና አጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ተጎታቹ እንደ ጥላ ተከተላቸው።

ሚጡ በሯ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሳቸው ከልጆቹ ጋር ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን እሷ አልተከተለቻቸውም፤ መጥታ እህቷ ቀበቶ ስትፈታ አጠገቧ ቆመች።

«አባባ ሲደውል ስለማን እንደሚያወራ ታውቂያለሽ፣ እትዬ?» አለች። «ስላንቺ ብቻ ነው። እንደ እሷ የሚያስር የለም፣ ግቢው ያለ እሷ አይንቀሳቀስም፣ እንዲህ አለች፣ እንዲህ አደረገች። እኔ ምን እንደምሠራ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ታላቂቱ ቀበቶውን መጠቅለሏን አላቆመችም። ፊት ለፊት አንዲት የሙገሳ ቃል ሰምታ አታውቅም። የእህቷ ዓይን እርጥብ ነበር፤ ልታዝንላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። ሚጡም ስትቃጠል መኖሯን ማወቋ አንጀቷን አራሰው። ደስ ማለቷ ወዲያው አሳፈራት፤ ደስታው ግን በእፍረቱ አልጠፋም።

«መንዳት አስተምርሻለሁ» አለች ብቻ።

አራት ቅዳሜ ተመላልሳ አስተማረቻት። ሚጡም በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ታላቂቱ የአባቷን የእግር ጥፍር እየቆረጠችላቸው ነበር። የመኪናዋ ድምፅ ደጅ ሲሰማ አባትየው የግራ እግራቸው ሳይነካ ብድግ አሉና ጫማ እንኳ ሳያጠልቁ ወጡ። ውጭ ሳቅ ተሰማ። ቅናቱ እንደ ለመደው ተነሳባት። መቁረጫውን አላስቀመጠችም፤ የአባቷን ወንበር ብርሃን ወዳለበት አስጠግታ፣ ሲመለሱ የቀረውን ልትጨርስላቸው ተቀመጠች።