የፋርቱን ጋርባሳር

ስፌት ላይ እጄ አይታማም። ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል። አንድ ጊዜ ግን፣ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በድሬዳዋ የኔን ያህል ሥራ ያበላሸ ሰፊ አልነበረም።

ኻድራ ደንበኛዬ ነበረች። ጅቡቲ በባቡር እየተመላለሰች ጨርቅ ታመጣለች፤ እኔ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳዬ ላይ፣ በሲንጀር ስፌት መኪናዬ እሰፋላታለሁ። ባቡሩ ሲገባ የለገሀር ግርግር፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ የጉምሩክ ፊናንሶች ዕቃ ሲበረብሩ የሚነሳው ጭቅጭቅ እቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር። ክፉ ጊዜ ነበር፤ ግን ይናፍቀኛል፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ ጎረቤቴ ጥጥ የገባበት ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰጠችኝ። «ኻድራ ከባቡር እንደወረደች አስቀምጣው ሄደች። አሰገደች ታውቃለች ብላለች» አለችኝ። ያኔ ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ መልእክት ሁሉ አጭር ነበር።

እኔም ያወቅኩ መሰለኝ። ልብሱ በእጅ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ የተያያዘ ነው። የሰፋውን ሰው እየረገምኩ፣ በመኪና አጠንክሪልኝ ማለቷ ነው አልኩ። በድሬ ሙቀት ጥጥ የሚደርበው ማን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ እያጠላለፍኩ ሰፋሁት፤ ከመስመር መስመር አራት ጣት፣ ዝንፍ የማይል።

ኻድራ ስትመጣ ዘርግቼ አሳየኋት። ራሷን ያዘች።

«ወላሂ ገደልሽኝ! ክፈቺው ማለቴ እኮ ነው! መሀሉ የፋርቱን ጋርባሳር አለ!»

ፋርቱን ልጇ ናት፤ ሰርጓ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ኻድራ ሙሽራዋ የምትከናነበውን የሐር ጋርባሳር ከፊናንስ ለመደበቅ ጥጡ መሀል ዘርግታ፣ ዙሪያውን ሰፍታ አሳልፋዋለች። እኔ ደግሞ በመርፌ ወንፊት አድርጌዋለሁ።

ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል። «ጠንቋይ ነኝ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም? ጥፋቱ ያንቺ ነው!» አልኳት። ኻድራ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ምላጭ ስጪኝ» አለች።

ስፌቱን ለሁለት ሆነን ተረተርነው። እሷ ከታች በኩል ክሩን በየሦስተኛው ስፌት ትበጥሳለች፤ እኔ ከላይ ስስበው ረጅሙ ክር ጨርቁን ሳይቀድ ይወጣል። የላዩ አቡጀዴ ውሃ ነክቶ በጥፍር ሲታሽ ቀዳዳው ገጠመ። ሐሩ ግን እምቢ አለ።

«ሌላ ለማምጣት ጊዜ የለም» አለች ኻድራ። «ልጄ በምን ትውጣ?»

ያኔ ወርቃማ ክር አስገባሁ። የሲንጀሩን መዘውር በእጄ እያዞርኩ መርፌውን በዚያው በአሮጌው ቀዳዳ አንድ በአንድ አሳለፍኩት። ሰባት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ሐሩ ላይ የወርቅ መረብ ተዘርግቷል።

ፋርቱን ተከናንባው ስትወጣ የመጋላ ሰፈር ሴቶች በእልልታ አቀለጡት። በሳምንቱ ሦስት እናቶች «እንደ ፋርቱን ሥሪልን» ብለው መጡ፤ ስሜ ከተማውን ሞላ። ለኻድራ ግን አንድም ቀን ይቅርታ አላልኳትም። ዛሬ ነገ ስል ሞተች።

በቀደም ፋርቱን ጋርባሳሩን ይዛ መጣች። እናቷን ቁርጥ ሆናለች። በተራዋ ልጇን ልትድር ነው፤ አንዱ መስመር ክሩ ተፈትቷል።

«ኤዶ» አለችኝ፤ ድሮም አክስቴ ለማለት እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ከክሩ ሥር ቀዳዳ አየሁ። ብል በልቶት ነው?»

«እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ምኑን? እሷማ ሁሌ ‹እንዲህ ሥሪው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ከአሰገደች ሌላ የሚችለው አልነበረም› ነበር የምትለው።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። ያቺ ሴት ለገዛ ልጇ እንኳ አላጋለጠችኝም። ፋርቱንን አጠገቤ አስቀመጥኳትና «ቀዳዳው የኔ ጥፋት ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። መስማት የነበረባት ግን እናቷ ነበረች።