ለእሁድ የቆየ መርዶ

አቶ ስለሺ ሲደውሉልኝ ሳንዲያጎ መካነ አራዊት ውስጥ ለእትዬ ከበቡሽ ውሃ እየገዛሁ ነበር። አቶ ስለሺ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ያለው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ለእናቴ ይደውላሉ፤ ለእኔ ደውለውልኝ አያውቁም።

«መቅደላዊት፣ አጠገብሽ ናት?»

«ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።»

«አንቺም ፈቀቅ በይ።» ፈቀቅ አልኩ። «ወንድሟ ሕሩይ አርፏል። ደሴ። ልቡ ነው አሉ።»

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«እሁድ ነው የምትመለሱት አይደል? እቤቷ ተሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ። ወጉ በማለዳ ነበር፣ ግን እንግዲህ አሜሪካ ነው፤ በአውሮፕላኑ ሰዓት እናረዳታለን። ስልኳን አንቺ ያዢው፤ ፌስቡክ እንዳትከፍት። ደግሞ በደንብ ትብላ፤ ባዶ ሆዷን እንዳትመጣብን።»

«አቶ ስለሺ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልበትም።»

«አንቺ ዝምተኛ ልጅ ነሽ። የተባልሽውም ዝም በይ ነው» አሉና ዘጉት።

እትዬ ከበቡሽ የክርስትና እናቴ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ኦሮራ ያለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ነው የምኖረው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠራሉ፤ በሽተኛ ሲያገላብጡ ኖረው ወገባቸው ተጎድቷል። መሥሪያ ቤቱ ለረጅም አገልግሎታቸው የሁለት ሰው የሽርሽር ጉዞ ሲሸልማቸው፣ «በእንቅልፍ ቢቀይሩልኝ ይሻለኝ ነበር» ብለው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ይዘውኝ መጡ። የምናያቸውን ቦታዎች ሁሉ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ጫማቸውን አውልቀው ቀጭኔዎቹን እያዩ ነበር።

«ይቺ እንኳ ከኛ አገር መጥታ ከኔ ቀድማ ወረቀት አግኝታለች» አሉ። «ቤት ሰጥተዋታል፣ ምግቧ ይቀርባል። አንሺኝ እስቲ ከእሷ ጋር። ለሕሩይ እንልክለታለን።»

ፎቶ አነሳኋቸው። ያነሳሁት በራሳቸው ስልክ ነበር፤ ጥሪ እንዳይገባበት ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ላክሽለት?»

«እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው። በኋላ ይሄዳል።»

አላከራከሩኝም። እግራቸው ስላበጠ ዝሆኖቹ ጋ ሳንደርስ ተመለስን። ሆቴል እንደገባን ከነልብሳቸው ጋደም ብለው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲተነፍሱ አያለሁ። የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ቢነቁ የሚጠብቃቸውን እኔ ብቻ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሸከም የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ እንቁላል ጨመርኩላቸው። ከዚያ ወደቡ ላይ ሙዚየም የሆነውን ትልቁን የጦር መርከብ ለማየት ሄድን። ደረጃው ስለበዛባቸው የላይኛው ወለል ላይ የቆሙትን አውሮፕላኖች ብቻ አይተን ወረድን። በየደረስንበት የሚያርፉበት ወንበር እፈልግላቸዋለሁ፣ ቦርሳቸውን እይዛለሁ፣ ያሉኝን ሁሉ እሺ እላለሁ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ እዚያው ወደቡ አጠገብ ያለ ዓሣ ቤት ገባን። የሳህናቸው ምግብ ሲጋመስ ከራሴ አነሳሁና ጨመርኩላቸው።

«በቃኝ እኮ።»

«ትንሽ ብቻ።»

በሉት። ድንቹንም ገፋ አደረግኩላቸው። ዳቦውን ልቆርስላቸው እጄን ስዘረጋ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«መቅዲ፣ አንቺ ሰውን ብላልኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

«አንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ብሉ ብለሽኝ አታውቂም። ስታፍሪ። እኔ ነኝ አንቺን የምለምን።» አፋቸውን ጠረጉ። «ጎረቤታችንን አልጣሽን ልናረዳት ስንል በዋዜማው ያበላኋት እኔ ነኝ። ሽሮ። ትንሽ ጨምሪ፣ ትንሽ ጨምሪ እያልኩ። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ሽሮ ቀምሳ አታውቅም።»

አስተናጋጁ መጥቶ ሁሉ ነገር ደህና እንደሆነ ጠየቀን። እትዬ ከበቡሽ በእንግሊዝኛ ደህና ነው ብለው ፈገግ አሉለት። ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አሁንም አላውቅም።

«ቆይ» አሉ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። «አትንገሪኝ። እዚህ ማን አብሮኝ ያለቅሳል? ሆቴል ውስጥ ብጮህ ፖሊስ ነው የሚጠሩልኝ። እቤቴ ነው መርዶ የምቀበለው። ሰው ባለበት። ስልኩንም አንቺው ያዢው።»

«እሺ።»

«እንግዲህ ገና መርዶ አልተረዳሁም፤ ሰማሽ? ቢጠይቁሽ፣ አልጠረጠረችም በይ። ሰዎቹ ከሥራ ቀርተው ሊያረዱኝ ይሰበሰባሉ፤ ወጋቸውን አናበላሽባቸውም።»

ሆቴል እንግባ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀጥሎ የት ነበር የምንሄደው ብለው ጠየቁኝ። ላ ሆያ፣ የባሕር አንበሶቹን ልናይ፣ አልኳቸው። «እንሂዳ» አሉ። «ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ አልውልም።»

ላ ሆያ ሰው በሰው ነበር። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን አንስቶ ድንጋዩ ላይ የተጋደሙትን እንስሳት ይቀርጻል። ሽታቸው ይከረፋል። አጥሩ አጠገብ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። እትዬ ከበቡሽ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙ፤ ንፋሱን አልወደዱትም።

«እነዚህ ሥራቸው መተኛት ነው?»

«ይዋኛሉም።»

«ሺፍት የላቸውም በቃ።» ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ «እናቴ ናት ብዬ ልያዘው» አሉ። «ዘጠናን አልፋለች። ዓይኗም አያይም። ሕሩይ ነው ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የሚያወጣት። እናቴ ከሆነች እችለዋለሁ።»

ፊቴን እያዩ እንደሆነ ታወቀኝ። ዓይኔን ከባሕር አንበሶቹ ላይ አልነቀልኩም። አንዱ ሌላውን ገፍትሮ ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ሰዉ ሳቀ።

«እሷ ናት» አሉ ራሳቸው። «እሷ መሆን አለባት።»

አንዲት ፈረንጅ ከነልጆቿ ፎቶ እንዳነሳት ለመነችኝና አነሳኋት። ውለታዬን ልትመልስ ፈልጋ ነው መሰል፣ እኛንም ላንሳችሁ አለች። እምቢ ልል ስል እትዬ ከበቡሽ እጄን ይዘው ሳቡኝ። ስልኬ ውስጥ ፎቶው አለ። ሁለታችንም ፈገግ ብለናል።

እሁድ ጠዋት ቢጫውን ቀሚሳቸውን ለበሱ። ሌላ ልብስ ላቀብላቸው ስል፣ «ጥቁር ከለበስኩ ያውቁብኛል» አሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ የመስኮቱን መዝጊያ አወረዱና ዴንቨር እስክንደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሄዱ። እንቅልፍ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ እጃቸው የመቀመጫውን ክንድ ጨምድዶ እንደያዘ ነበር።

ኤርፖርት ፓርክ አድርጌው ከነበረው መኪናዬ ውስጥ ገብተን ጉዞ ጀመርን። መንገዱን ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰው ይመጣ ይሆን?»

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ መንገዱ በግራም በቀኝም በመኪና ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መኪና ነው፣ የመጦሪያው ባልደረቦቻቸው መኪና ነው፣ ከቶርንተን ድረስ የመጣም አለ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጫማ ደጃፉ ላይ ተከምሯል።

«ለእናቴ ነው» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ለእናቴ ይሄ ሁሉ ሰው ይመጣል። ትልቅ ሰው ናት።»

ሞተሩን አጠፋሁ። ወዲያው አልወረዱም። መስተዋቱን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን አዩና ፀጉራቸውን አስተካከሉ። እንደ ተዝናና ሰው ለመምሰል ይመስለኛል። ከዚያ ወረዱና፣ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መኪና፣ ማን ሊዳር ነው?» እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። ድምፃቸው ደህና ነበር።

እኔ ሻንጣዎቹን ለማውረድ ቀረሁ። ሁለቱንም አውርጄ መኪናውን ቆለፍኩ። ከቤት ውስጥ የአቶ ስለሺ ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ቀጥሎ፣ «እሱ አይደለም፤ እናቴ ናት፣ እናቴ ናት በሉኝ» የሚል ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቱ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ሴቶቹ ተቀበሏቸው።

ሻንጣዎቹን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው አቶ ስለሺ ወጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጠርጥራ ነበር?»

«አልጠረጠሩም።»

«ጎበዝ። ፊትሽ ያሳብቅብሻል ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉና አንዱን ሻንጣ ተቀበሉኝ። «በይ ግቢ። አንቺም አልቅሺ።»