በፊት በር የገባው ሰው

«ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር ገና አልተፈጠረም» አለች ጁኒ፣ የተጠበሰ አይቧን እየጎረሰች።

ሎይድ ሳቀ። አጎቴ ትለዋለች እንጂ አጎቷ አይደለም፤ ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት ጣሪያ ለጣሪያ አብሮ የሠራ አናጢ ነው። በእነሱ ሰፈር፣ በሚልዎኪ ሰሜን በኩል፣ የአባትሽን መዶሻ አንዴ የተዋሰ ሁሉ አጎት ነው።

«እስቲ ምን አየሽ?»

«የሒሳብ አስተማሪያችን ፀጉር ዊግ መሆኑን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ውሻ ማርገዟን ከባለቤቷ በፊት አውቄያለሁ። ዴክስተር ቤት ውስጥ ኮፍያውን የማያወልቀው ለምን ይመስልሃል? ፎረፎር ነዋ። ትራሱን ብታየው ዱቄት የተነፋበት ነው የሚመስለው። ለልደቱ ሻምፑ ገዛሁለት። ትንፍሽ አላለም፤ ወንድሜ አፍሯል።»

«ምስኪን» አለ ሎይድ። «እንዲህ ያለች እህት ካለችው ፎረፎሩም አያንሰው።»

የቆሙት ሃልደርማን ከተባለው ትልቅ የልብስ ሱቅ ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ነበር። ሱቁ ሁለተኛ ፎቁን እያሳደሰ ነው። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው በከተማው የተለመደውን ክፍያ ግማሽ ነው፤ ሕክምና የለ፣ ጡረታ የለ። ስለዚህ ሎይድና አባቷ ያሉበት የአናጢዎች ማኅበር መፈክሩን ይዞ ወጣ። ሱቁ ግን ብልጥ ጠበቃ ነበረው። በሁለቱ በሮች ላይ ማስታወቂያ አሰቀለ፤ የፊተኛው ለደንበኞች፣ የኋለኛው ለተቋራጩ ሰዎች ብቻ። ሕጉም ጠባችሁ ከተቋራጩ ጋር ከሆነ እሱ በሚገባበት በር ቁሙ ይላል። ሰልፈኞቹ ስስታም አሠሪን ማሳፈሪያ የሆነውን፣ በአየር የሚነፋ፣ ጥርሱን ያገጠጠ፣ ቤት የሚያህል አይጥ ይዘው መጥተው የቆሻሻ ዘበኛ አደረጉት። ገንዳ አጠገብ አይጥ ቢታይ ማን ይደነግጣል?

መላው አንድ ነበር። ከተቋራጩ ሰዎች አንዱ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ በፊት በር ከገባ ማስታወቂያው ዋጋ ያጣል፤ ሰልፉም ከነአይጡ ወደ ፊት ይዞራል። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። እድሳቱ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ይሄ ተቋራጭ እንዲሁ ካመለጠ በየሱቁ የሚጠራው እሱ ነው። የጁኒ አባት ኦቲስ እራት ላይ «ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይፈልገኛል?» ብሎ ነበር። ከጣሪያ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ቀን እንኳ እንዲህ ሲል አልሰማችውም።

«ያን ያህል ዓይን ካለሽ» አላት አባቷ አሁን፣ «ሂጂና ከፊት በሩ ማዶ ካለው በርገር ቤት ተቀመጪ። ስልክሽን ለፀጉርሽ ብቻ አትክፈቺው።»

ሄደች። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።

ቀትር ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። የጃኬቱን ቆብ እስከ ቅንድቡ ስቧል። በእጁ የሱቁን የወረቀት ከረጢት ይዟል፤ ግን ከከረጢቱ ውስጥ የጂፕሰም መለጠፊያ መለሰኛ እጀታ ብቅ ብሏል። ሸሚዝ ለመግዛት መለሰኛ ይዞ የሚመጣ ማነው? ጫማውም በረገጠበት ሁሉ ነጭ ዱካ ይተዋል። ጁኒ ስልኳን አነሳች። ጫማውን፣ ከረጢቱን፣ ከዚያም በሩ ላይ ለአንዲት አሮጊት መንገድ ሊለቅ ዞር ሲል ፊቱን። ከመንገዱ ማዶ ሆና ፊቱ አልተለያትም፤ ምስሉን አጉልታ ሳታይ በቀጥታ ለሰልፈኞቹ ሁሉ ላከችው።

«ያዝኩት» ብላ ጻፈችበት። «ጫማውም፣ ፊቱም። ኬክ ገዝታችሁ ጠብቁኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ምስሉን የከፈተችው።

ዴክስተር ነበር። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ የሚለው ዴክስተር። በሩን በክርኑ ደግፎ ለአሮጊቷ ፈገግ እያለ።

ጁኒ ክው አለች።  ምስሉን አሳነሰችው፤ አተለቀችው፤ ሌላ ሰው እንዲሆንላት ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው። አልሆነም። ልታጠፋው ስትሞክር ሎይድ አውራ ጣቱን ቀስሮ መልሶላታል። ሁሉም አይተውታል። ኮቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ሮጠች።

ከሱቁ ጀርባ ሰርግ የመጣ ይመስል ነበር። አንዱ መፈክሩን ይሰበስባል፣ ሌላው ያፏጫል፣ ሎይድ የአይጡን የአየር መንፊያ ማሽን ነቅሎ ይስቃል። ኦቲስ ብቻ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«አባዬ...» አለች ጁኒ።

«ይሄን ጃኬት እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ።

ሎይድ ሳቁን አቋረጠና ምስሉን አሁን አስተውሎ አየ። ቀና ብሎ ኦቲስን አየ። የሚያፏጨውም ዝም አለ። አይጡ ብቻ ሽሽሽ እያለ ይተነፍሳል፤ መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎ አገጩ፣ በመጨረሻ ሙሉ ገላው ገንዳው ላይ ዘንበል አለ።

«እናጥፋው፣ ኦቲስ» አለ ሎይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛ ምንም አላየንም።»

 ጁኒ አባቷ ይጮሃል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ በወደደች።

«ለምን በፊት በር እንደገባ ገባችሁ?» አለ በመጨረሻ። «እኔ እዚህ ስለቆምኩ ነው።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። መፈክሩን ትከሻው ላይ አኖረ።

«አይጡን አንሱት። ወደ ፊት እንሂድ።»

አይጡ ከፊት በሩ እንደገና ሲነፋ ደንበኞች ገና ከሩቅ ዞር ዞር ይሉ ጀመር። ገሚሱ ፎቶ ያነሳል፣ ገሚሱ ወደ መኪናው ይመለሳል። የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ወጥቶ አየና ገባ። ብዙም ሳይቆይ ዴክስተር ከረጢቱን ይዞ ወጣ። አለቃው አባሮታል፤ ማን በፊት በር ግባ አለህ ብሎ።

አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ። ከበላያቸው አይጡ ይወዛወዛል።

«ተራህን ጠብቅ አልከኝ» አለ ዴክስተር። «ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ማኅበርህ ለልምምድ እንኳ አልጠራኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ላድርግ? ሶፋ ላይ ልጠብቅ?»

ኦቲስ አንገቱን ደፋ። «ግድግዳው ቀጥ ብሏል?» ሲል ጠየቀ።

«ምን?»

«የሠራኸው ግድግዳ።»

«ቀጥ ብሏል።»

ኦቲስ መፈክሩን ዘረጋለት። ዴክስተር አልተቀበለውም። ግን አልሄደምም፤ ከመንገዱ ዳር፣ በአይጡ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ጁኒ ቀስ ብላ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። 

«ዴክስ፣ ባውቅ ኖሮ አልልከውም ነበር።» እሱ አይጡን አንጋጦ ያያል። «ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ መደበቅ...»

ዴክስተር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ መታው። የጂፕሰሙ ብናኝ ቦንን ብሎ ቀሚሷ ላይ ሰፈረ።

«ሁለት ወር ሙሉ ይሄን አናቴ ላይ ተሸክሜ ፊት ለፊትሽ እራት በላሁ» አለ። «አንቺ ሻምፑ ገዛሽልኝ።»