አሥራ ሁለት እና ሃያ አራት

«ስንት ቮልት ነው የሚፈልገው?»

የሚኒባሱ ሾፌር ሸረፋ ጉንችሬ መነኻሪያ ላይ ባሂራን ጠየቃት። የልጇን የአስም ማሽን በሻርፕ ጠቅልላ ታቅፋ ነበር። ከተማው መብራት ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ወልቂጤ ግን አለ ተብሏል።

«የመኪና ገመድ አለው ብለውኛል» አለች።

ሸረፋ ከመሪው አጠገብ ባለው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ሰካው። ማሽኑ አጉረመረመ። «በይ፣ ሠርቷል።»

አሁን ሚኒባሱ የሞተሩ ቺንጊያ ተበጥሶ መንገድ ዳር ቆሟል። ሞተሩ ካልዞረ ያለው ኃይል የባትሪው ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ላይ ከተሰካው ማከፋፈያ ደግሞ አራት ስልኮች ተንጠልጥለዋል። ናጃህ ስድስት ዓመቷ ነው። አፍንጫዋ ላይ ጭምብሉን ይዛ ትስባለች፤ በሳበች ቁጥር አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ ይሰምጣል። የማሽኑ ድምፅ ደከመ።

«ስልኮቻችሁን ንቀሉልኝ፣ በአላህ።»

«እህቴ፣ እኔ ካልደወልኩ ሚስቴ ሌላ አገባ ነው የምትለው» አለ ከኋላ አንድ ወጣት። ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ልጅቷን አየና ተነሥቶ የራሱን መጀመሪያ ነቀለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

በዚያው ቅጽበት አንድ ኢሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ዑመይር አንገቱን አወጣ። «አሰላሙ አለይኩም! ቶሎ ጭነቱ ላይ ውጡ። ዝናቡ ወዲያ ማዶ ወርዷል፤ ድልድዩ እስኪጠገን የምናልፈው በወንዙ ውስጥ ነው፣ ከሞላ እዚሁ ነን።»

«ማሽኑስ?» አለች ባሂራ።

«የኔም መኪና ባትሪ አለው እኮ! ጋቢና ግቢና ሰኪው።»

ባሂራ ገመዱን ነቅላ ሮጠች። የኢሱዙው መለኮሻ ቀዳዳ አፍ ላይ አድርሳው ቆመች። በገመዱ ጫፍ ላይ ደቃቅ ቁጥር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ በጎልማሶች ትምህርት ከእሷ እኩል ከሆኑ እናቶች ጋር ተቀምጣ ይህችን «2» ቁጥር ስንት ጊዜ ገልብጣ ጽፋለች! በጣቷ ተከተለቻት።

«አሥራ ሁለት» አለች። የቀዳዳውን ክዳን አየች። «ሃያ አራት።»

«ልክ ነሽ። በሃያ አራት ቮልት ይቃጠላል» አለ ሸረፋ ከኋላዋ።

«ታዲያ ሳትሰኪው ነይ፣ ወልቂጤ አርባ ደቂቃ ናት» አለ ዑመይር።

አርባ ደቂቃ። ባሂራ ወደ ሚኒባሱ ዞራ የናጃህን ከንፈር አየች፤ ጠቁሯል። «አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ። መድኃኒቷን ትጨርስ።»

ዑመይር ሰማዩን አየ፣ ጭነቱ ላይ የወጡትን ሰዎች አየ። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

ወጣቱ ከጭነቱ ላይ ጎንበስ ብሎ «ባትሪ ይዤ እመለሳለሁ፣ እህቴ! ወላሂ!» እያለ ኢሱዙው ተንቀሳቀሰ።

ባሂራ ገመዱን መልሳ ሰካች። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንተባተበና ያዘ። ሸረፋ የጋቢናውን መብራት፣ ሬዲዮውን፣ የሚጠፋውን ሁሉ አጠፋ። ከማዶ የወንዙ ድምፅ ከፍ እያለ መጣ።

አሥራ አንዱ ተሳፋሪዎች ሄዱ። ባሂራ፣ ናጃህና ሸረፋ ቀሩ።